ለአራት አምስት ጉዳይ

ልጄ የግድግዳውን ሰዓት አየት አደረገችና «አራት ከሃምሳ አምስት» አለች። ለአራት አምስት ጉዳይ ነበር። አልፈረድኩባትም፤ አጭሩ ቆጣሪ 4 ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ረጅሙን በእጄ ከለልኩት። «አጭሩ 4ን አልፏል?»

«አላለፈም፣ ግን ደርሷል በቃ!»

«ካላለፈ ገና ሦስት ውስጥ ነን።»

ጠጋ ብላ አፈጠጠችበት። እውነትም በ4ና በአጭሩ ጫፍ መሃል ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች።

ብዙዎቻችን ስናስተምር አምስት፣ አስር እያልን ከረጅሙ እንጀምራለን። ነገሩን የያዘው ግን አጭሩ ነው። ረጅሙ በ60 ደቂቃ ሙሉ ዙር ሲዞር፣ እሱ 30 ዲግሪ ብቻ ይሄዳል። የቆመ ነው የሚመስለው። ዲጂታሉ ላይ ደግሞ ይሄ «ሊሞላ ነው» የሚባል ነገር በዓይን አይታይም።

አሁን «ረጅሙ 1 ላይ ሲሆን ለምን አምስት ይባላል?» ብላ ይዛኛለች።