ብራንዲን ተከትዬ የደረስኩበት

ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ቃላት በዝርዝር መሸምደዱ ስለሰለቸኝ አሁን አንድ ቃል ይዤ በእህት ቋንቋዎች ውስጥ እከተለዋለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ብራንዲን ነው። ለጥናት ነው፣ አትሳቁ!

ስሙን ከእንግሊዝኛ ብናገኘውም መነሻው ሆላንድ ነው። ደቾች "ብራንደዌይን" ይሉታል፤ የተቃጠለ ወይን ማለት ነው። ወይኑ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ስለሚወጣ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ማስረዳት አያስፈልጋትም። እንግሊዞች ቃሉን በ17ኛው መቶ ዘመን ወሰዱት። በኋላ ወይኑን ቆርጠው ጣሉና "ብራንዲ" ብቻ ቀረ። አሁን በስሙ ውስጥ ያለው ማቃጠሉ ብቻ ነው።

ነገሩ የጣመኝ ወደ ሰሜን ስወጣ ነው። ስዊድኖች "ብሬንቪን"፣ አይስላንዶች "ብሬኒቪን" ይላሉ። ያው የተቃጠለ ወይን። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ወይን የለም! መጠጡ የሚወጣው ከእህል ወይም ከድንች ነው። የአይስላንዱ የነጭ አዝሙድ ዘመድ በሆነ ቅመም ይቀመማል፤ የቅጽል ስሙም "ጥቁር ሞት" ነው። እንግሊዝኛ ወይኑን ከስሙ አወጣ፣ ሰሜኖቹ ደግሞ ከጠርሙሱ።

ጀርመንም "ብራንትቫይን" የሚለውን ቃል ለማንኛውም የአረቄ ዓይነት ሲጠቀምበት ኖሯል። ታዲያ ከእውነተኛ ወይን የወጣውን ምን ይበሉት? በፈረንሳይዋ ከተማ ስም "ኮኛክ" ይሉት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል ግን ጀርመኖች የፈረንሳይን የቦታ ስሞች እንዲያከብሩ አስገደዳቸው። ያኔ "ቫይንብራንት" የሚለው ስም ነገሠ። በጀርመኗ ሩደስሃይም ከተማ ብራንዲ ያወጣ የነበረው ሁጎ አስባህ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይጠቀምበት ነበር።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ቃላት ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ያው ናቸው። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው። በጀርመንኛ ጥምር ቃል ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ብራንትቫይን ወይን ነው፣ የተቃጠለ። ቫይንብራንት ደግሞ ከወይን የተገኘ የተቃጠለ መጠጥ ነው። ሕጉን ከሰዋስው መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር፤ በዚህ ገባኝ።

የእኛ "አረቄ" ከዐረብኛ ነው፣ ሥሩም ላብ ማለት ነው። ዐረቦቹ ጠብታውን አይተዋል፣ ደቾች እሳቱን። የዩክሬኖቹ "ሆሪልካ" ግን እንደ ደቾቹ ከማቃጠል ይወለዳል። ቀጣዩ ሥራዬ እሱ ነው፤ የስላቭ ቋንቋ የምታውቁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።