ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ሐዋሳ ልጅ ሆነን አሳ የምናጠምደው በባዶ ጠርሙስ ነበር። ናይለን ክሩ ጠርሙሱ ላይ ይጠቀለላል፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና አሮጌ ብሎን ይታሰራል፣ ከዚያ ከራስ በላይ አሽከርክሮ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ነው። የጠርሙሱን አፍ ወደ ውሃው ካዞርነው ክሩ በአንገቱ በኩል እየተንሸራተተ ይወጣል። ሲበቃ በአውራ ጣት ጫን። አለቀ። በዚህ ስንት ቆሮሶ እንዳወጣን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ይህን የማወራው ትዝታ ጠምቶኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ቤይትካስቲንግ ሪል ልገዛ ነው፣ ርካሽና ደህና የቱ ነው?» አለኝና አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩበት። ሪል ማለት የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰር የክር መጠቅለያ ነው። ሌላ ሰው ከጠየቀኝ እዚህ ያንብበው ብዬ ነው። ጠርሙሱ ደግሞ ነገሩን ለማስረዳት ይጠቅመኛል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንገዛው ስፒኒንግ የሚባለውን፣ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን ሪል ነው። እሱ ማለት ያ የሐዋሳው ጠርሙስ ነው። ክሩ የተጠቀለለበት ስፑል ቁጭ ይላል፣ ክሩ ብቻ ከጠርዙ እየተፈታ ይወጣል። ቤይትካስቲንግ ግን ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፣ ስትወረውሩ ስፑሉ ራሱ ይሾራል። ጠርሙሱን በሁለት ጣት አግድም ይዛችሁ እንዲሽከረከር እንደመልቀቅ ቁጠሩት። መከራውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ማጥመጃ አየር ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል ወይም ውሃው ላይ ያርፋል፣ ስፑሉ ግን ወሬው አልደረሰውም፣ መሾሩን ይቀጥላል፣ መሄጃ ያጣው ክርም ተመልሶ እዚያው ይከመራል። አሜሪካኖቹ የወፍ ጎጆ ይሉታል። እኔ ግን ያየሁት የወፍ ጎጆ ሳይሆን ድመት የተጫወተችበት የእናቴን ልቃቂት ነው። ውሉን ፈልገህ አታገኘውም።

ታዲያ ምን አስለፋህ ካላችሁኝ፣ መልሱ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ነው። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ስኔክሄድ የሚባለው ከእስያ የመጣ አሳ በ2002 ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን ውስጥ አንድ ኩሬ ላይ ተገኝቶ አገር ጉድ አለ። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ። አሁን ቤተኛ ሆኗል። እንደኛ አምባዛ ከላይ አየር ይስባል፣ የሚወደውም ሣርና ቅጠል የወረረውን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። እዚያ ቅጠል ውስጥ ማጥመጃችሁን የነከሰ አሳ ወዲያው ካልተጎተተ ሣሩን ተጠምጥሞበት ይቀራል። ስለዚህ ወፍራም ክር የሚይዝ፣ ጉልበት ያለው ሪል ያስፈልጋል። ባስ የሚባለውን ትልልቅ አሳ ለሚያሳድድም ያው ነው። በተረፈ ማጥመጃችሁ ሁልጊዜ ከ7 ግራም በታች ከሆነ እዚሁ ላይ ንባቡን አቁሙ፣ ስፒኒንጋችሁ ይበቃችኋል። ቤይትካስቲንግ ቀላል ነገር መወርወር አይወድም።

የመጀመሪያዬን በኢንተርኔት በ28 ዶላር ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ «18+1» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። 18 ኩሽኔታ! በዚያ ዋጋ! ጅል መሆኔን ያወቅኩት በሁለተኛው ወር ነው። እጀታው እንደ አሮጌ በር ይንቃቃል፣ አሳ ሲጎትተው ደግሞ የሪሉ ገላ ሲጣመም በዓይን ይታያል። ያን ሁሉ ኩሽኔታ የት እንደሰገሰጉት እንጃ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወርውራችሁ ሩቅ ለመድረስ ዋናዎቹ ስፑሉን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ኩሽኔታዎች ናቸው። የቀሩት እጀታው ላይና እዚህም እዚያም የሚገቡ ናቸው። ያቺ «+1» የምትባለው ደግሞ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የምትከለክል የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ ነች። ስለሷ በኋላ የማወራው ገመና አለኝ። ብቻ ቁጥር አትግዙ።

ከ50 እስከ 100 ዶላር ያለው ሰው ደህና ነገር ያገኛል። አቡ ጋርሲያ ብላክ ማክስ ወደ ታችኛው ዋጋ፣ ሺማኖ ኤስኤልኤክስ ወደ ላይኛው ይጠጋሉ፣ ዋጋቸው ግን እንደ ወቅቱ ይወጣል ይወርዳል። አቡ በ1921 ስዊድን ውስጥ የሰዓት ፋብሪካ ሆኖ የተጀመረ ነው። ሺማኖም በዚያው በ1921 ጃፓን፣ ሳካይ ከተማ ላይ የብስክሌት ጥርስ በመሥራት ነው የጀመረው። ሰዓትና ብስክሌት! ሪል ማለት ደግሞ ምንድን ነው? ትንንሽ ጥርሶች ተናክሰው የሚዞሩበት ዕቃ ነው።

ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ብትይዙት ይሻላል። መጀመሪያ ጎኑን ተመልከቱ። የቤይትካስቲንግ እጀታ እንደ ስፒኒንግ ነቅሎ ወደ ሌላው ጎን አይዞርም፣ የቀኝ ከገዛችሁ የቀኝ ነው። እኔ የሚቀናኝ ቀኝ እጄ ስለሆነ በቀኝ ወርውሬ በግራ እጠቀልላለሁ፣ ዘንጉን ከእጅ እጅ ማቀያየር አልወድም። ከዚያ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉት። ገላውን በመዳፍ ጨመቅ አድርጉት። የጎን ክዳኑ ያለ ካቻቪቴ የሚከፈት ከሆነ እሰየው፣ የስፑሉን መሾር የሚገታው ፍሬን ያለው ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። የማርሽ ቁጥሩ 7.1:1 ካለ፣ እጀታው አንዴ ሲዞር ስፑሉ 7.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አንድ ሪል ብቻ ለሚኖረው ሰው ከ6.3 እስከ 7.1 ያለው ለሁሉም ይሆናል። 8 እና 9 የሚሉት ፈጣኖች ናቸው፣ ግን ከባድ ነገር ሲጎትቱ ክንድ ይበላሉ።

አሁን ወደ ልቃቂቱ ልመለስ። ቡርክ ሌክ የሚባል ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ክር ስፈታ፣ ትንሽ ራቅ ብለው የሚያጠምዱ አንድ አዛውንት ያዩኝ ነበር። ፊታቸው አበሻ ነው፣ ግን አልተናገሩም። በመጨረሻ ቀረብ አሉና «አንተ ልጅ፣ ፍሬኑን ማን ፍታ አለህ?» አሉኝ።

«ሩቅ እንዲሄድልኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ሩቅስ ሄደ። ክሩ ነው የቀረው።»

ከእጄ ወሰዱት። በሦስት ደቂቃ ያሳዩኝን ነገር ስድስት ቪዲዮ አይቼ አልገባኝም ነበር። እጀታው አጠገብ ትንሽ ክብ መዘውር አለች፣ የስፑሉን ጥብቀት የምትቆጣጠር። ማጥመጃውን ዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ የስፑል መልቀቂያውን ትጫናላችሁ። ማጥመጃው ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፣ መሬት ሲነካም ስፑሉ እዚያው ቀጥ ማለት አለበት። ከቀጠለ አጥብቁ። ጨርሶ ካልወረደ አላሉት። ማጥመጃ በቀየራችሁ ቁጥር ይህቺን ፈተና ድገሙ፣ ክብደቱ ተለውጧላ። ሌላው በጎን በኩል ያለው ፍሬን ነው። በማግኔት የሚሠራ አለ፣ ስፑሉ ሲሾር ወደ ውጭ በሚገፉ ትንንሽ ጫማዎች የሚሠራም አለ። የቱም ይሁን፣ ስትጀምሩ ወደ መጨረሻው አካባቢ አድርጉት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ልቀቁት። እጀታው ሥር ያለው ኮከብ የመሰለው ደግሞ ከውርወራ ጋር አይገናኝም፣ አሳው ሲጎትት ክር በስንት ኃይል እንደሚለቀቅ የሚወስን ነው። እኔ ለሁለት ወር ኮከቡን እያጠበቅኩ «ይሄ ነገር ለምን አይሻለውም» እል ነበር።

ከዚያ ጋሼ አውራ ጣታቸውን ስፑሉ ላይ አሳረፉ። ጫን አላሉትም። እንደ ሕፃን ጉንጭ ነካ ብቻ። ማጥመጃው ውሃውን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ጫን አደረጉትና ስፑሉ ቀጥ አለ። እኔ የሐዋሳን ጠርሙስ አሰብኩ። ያቺው ጣት ነች እኮ! 200 ዶላር የሚያወጣ ሪል ይህቺን ጣት አይተካም፣ 50 ዶላሩ ግን ጣቷ ካለች ከበቂ በላይ ነው።

ክሩ ሲተበተብ ደግሞ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ስፑሉን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑ፣ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩ፣ ከዚያ መልቀቂያውን ተጭናችሁ ክሩን ሳቡ። ብዙ ጊዜ ቋጠሮ የሚመስለው የተቆለመመ ክር ብቻ ነው፣ ተዘርግቶ ይወጣል። ሌላ ዘዴ፦ አንዴ ጥሩ አድርጋችሁ ወርውሩ፣ ከዚያ አሥር ሜትር ያህል ጨምራችሁ ሳቡና ስፑሉ ላይ በቀረው ክር ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ምንም ቢተበተብ ከፕላስተሩ በታች አይወርድም።

ለመለማመጃ 12 ፓውንድ የሚችል ሞኖ (ነጠላ የናይለን ክር) በቂ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቢቆረጥም አያስለቅስም። ስፑሉን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ለስኔክሄድ 50 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) እጠቀማለሁ፣ ግን ከሥሩ ጥቂት ዙር ሞኖ አስቀድማለሁ። አለበለዚያ ብሬዱ ለስላሳው ስፑል ላይ ይንሸራተታል። እናንተ ትጎትታላችሁ፣ እሱ ባዶውን ይዞራል።

እንክብካቤው ላይ ሰው ሁሉ ወይ ይረሳል ወይ ያበዛል። እኔ ያበዛሁ ነኝ። ገመናዬ እንዲህ ነው፦ ሪሉን ፈትቼ ያገኘሁትን ሁሉ ግራሶ ቀባሁት፣ ያቺን የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታም ጭምር። ቅዳሜ ጠዋት ደህና አሳ ነከሰልኝ፣ ዘንጉን ወደ ላይ ስመነጭቅ እጀታው ወደ ኋላ ተፈተለከና ጣቴን መታኝ፣ አሳውም ሄደ። ውስጧ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ወፍራም ቅባት ሲይዛቸው እየተንሸራተቱ መያዝ ያቅታቸዋል። እሷን ስስ ዘይት በጥቂቱ፣ ካልሆነም ተዉአት። ግራሶ የሚገባው ትልቁ ጥርስ ላይ ነው፣ እሱም ስስ ሽፋን። የስፑሉ ኩሽኔታዎች አንድ አንድ ጠብታ ስስ ዘይት ብቻ። ግራሶ ከነካቸው ርቀቱ በግማሽ ይወርዳል፣ አይቼዋለሁ። ክሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ የሚያስተኛው ጠመዝማዛ ዘንግ ደግሞ አቧራና አሸዋ ይወዳል፣ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጠርጋችሁ አንድ ጠብታ። ለበር ማጠፊያ የሚነፋውን ስፕሬይ አታስጠጉት፣ ያለውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል።

በዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ እፈታዋለሁ። ነጭ ፎጣ አነጥፋለሁ፣ ሞላ ቢፈናጠር እንዲታይ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። የምፈታውን ደግሞ በስድስት ሲኒ በተራ አስቀምጣለሁ፦ አንደኛው ውስጥ የእጀታው ዳዶና ሮንዴላ፣ ሁለተኛው ውስጥ ኮከቡ፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው፣ ስገጥም ከስድስተኛው ወደ አንደኛው እመለሳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ሲኒዎቿን ስታይ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። አሁን የራሴ ሲኒዎች አሉኝ፣ ጆሯቸው የተሰበረ። ኩሽኔታዎቹን በአልኮል አጥቤ፣ አድርቄ፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ዘይት።

ለጨው ውሃ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወርጄ ስመለስ ኮከቡን አጥብቄ፣ ለስለስ ባለ ንጹህ ውሃ አጠብ አደርገዋለሁ። በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨውና አሸዋውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ከዚያ በጨርቅ አደርቅና ኮከቡን አላላዋለሁ። ማላላቱ ጨው ለሌለው ውሃም ይሠራል። ጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያሉት ሮንዴላዎች ተጨፍልቀው ይቀራሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አሳው ሲጎትት ክሩ እየተንገጫገጨ ይወጣል።

ትናንት ማታ ከተኛሁ በኋላ ይህቺው ነገር ትዝ አለችኝ። ተነስቼ በባዶ እግሬ ጋራዥ ወረድኩና ኮከቡን አላልቼ ተመለስኩ። ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቧ «በሩን ዘጋኸው?» አለችኝ። በሩን ረስቼው ነበር።