ክሪዮን ብቻውን እስኪቀር፦ «አንቲጎኔ»ን የማነብበት መንገድ

ሰሞኑን የያዝኩት የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ አቴና ውስጥ ለመድረክ የበቃ ተውኔት። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በቴብስ ዙፋን ተጣልተው እርስ በርስ ይገዳደላሉ፤ አጎታቸው ክሪዮን ይነግሣል፤ ከሁለቱ ከተማዋን ሊወጋ የመጣው ፖሊኔይኪስ እንዳይቀበር ያውጃል፤ እኅቱ አንቲጎኔ ደግሞ ዐዋጁን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች።

በዚህኛው ንባብ የተከታተልኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤተሰቡ ማን ለማን ወገነ? ስሞቹን ደብተር ላይ ጽፌ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት እስላለሁ፤ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር ቀስቱን አስተካክላለሁ።

ዓይኔን የከፈተልኝ የክሪዮን የመጀመሪያ ንግግር ነው። ዙፋኑን የያዝኩት ለሟቾቹ የቅርብ ዘመድ ስለሆንኩ ነው ይላል። ወዲያው ደግሞ ከሟቾቹ አንዱ ለውሻና ለአሞራ እንዲጣል ያዛል። ሥልጣኑን ያገኘው በዝምድና ነው፤ በሥልጣኑ መጀመሪያ ያፈረሰውም ዝምድናን ነው። ብዙ ጊዜ ተውኔቱ የመንግሥት ሕግና የአማልክት ሕግ ግጭት ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ቤቱን የሚንደው ይሄኛው ስንጥቅ ነው።

የእስሜኔ ቀስት ቶሎ ይዞራል። መጀመሪያ እኅቷን አንቲጎኔን መርዳት ፈርታ ነበር፤ አንቲጎኔ ስትያዝ ግን እያለቀሰች መጥታ «እኔም አለሁበት» ትላለች። አንቲጎኔ አትቀበላትም። ታማኝነቱ መጣ፣ ግን ዘግይቶ መጣ።

እንድትቆዩበት የምመክራችሁ የሄሞንን ትዕይንት ነው። የክሪዮን ልጅ ነው፤ የአንቲጎኔም እጮኛ። ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «አባቴ ሆይ፣ የአንተ ነኝ» የሚል ነው። ክሪዮን ደስ ብሎት ስለ ልጅ ታዛዥነት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሄሞንም በረጅሙ፣ በአክብሮት ይመልሳል፦ ሕዝቡ ፊትህን ስለሚፈራ አይነግርህም፤ እኔ ግን በጨለማ የሚንሾካሾከውን እሰማለሁ፤ ከተማው ለዚህች ልጅ እያዘነ ነው። በጎርፍ ዳር ጎንበስ የሚለው ዛፍ ቅርንጫፉን ያተርፋል፣ የሚገትረው ግን ከነሥሩ ይነቀላል ይለዋል። ከዚያ ንግግሩ ያጥራል፤ አንድ መስመር ለአንድ መስመር ይሆናል። ክሪዮን ከተማ የገዢዋ ናት ሲል፣ ሄሞን ሰው የሌለበት ምድረ በዳ ብትገዛ ያምርብህ ነበር ይለዋል። «የአንተ ነኝ» ብሎ የገባው ልጅ ፊቴን ዳግመኛ አታይም ብሎ ይወጣል። ከጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሄሞንን ከመጀመሪያው በቁጣ ካነበባችሁት ትዕይንቱ ይሞታል፤ ለአባቱ ከልቡ አስቦ ነው የመጣው።

ሌላው በቅርብ ያየሁት የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ነቢዩ ቲሬሲያስ ካስፈራራው በኋላ ክሪዮን ምን ላድርግ ብሎ መዘምራኑን፣ ማለትም መድረኩ ላይ ያሉትን የቴብስ ሽማግሌዎች፣ ይጠይቃል። እነሱም ልጅቱን በሕይወት ሳለች ካዘጋህባት ዋሻ አውጣ፣ ሬሳውንም ቅበር ይሉታል። እሱ ግን ሬሳውን ያስቀድማል። ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች፤ ሄሞን አባቱ ፊት ላይ ይተፋል፣ ሰይፍ ይመዝበታል፣ ሲስተው ወደ ራሱ ያዞረዋል። እናቱ ኤውሪዲኬ ወሬውን ሰምታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ባሏን ረግማ መሞቷን ኋላ ከመልእክተኛ እንሰማለን። ደብተሬ ላይ ወደ ክሪዮን የሚያመለክት አንድም ቀስት አልቀረም፤ ዘውዱ ግን አሁንም የእሱ ነው።

ቀጥዬ የያዝኩት «ንጉሥ ኤዲፐስ»ን ነው። እዚያ ክሪዮን ገና የንግሥቲቱ ወንድም ብቻ ነው፤ የንጉሥነት ሥጋት ሳይነካኝ ከሥልጣኑ ብካፈል ይሻለኛል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ የሁለቱ ተውኔቶች ክሪዮን ለእናንተ አንድ ሰው ነው ወይ? ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።