አረፋ ያወጣው አጥንት

ከቁፋሮ የመጡ ስብርባሪዎች በሚለዩበት ጠረጴዛ ላይ ጣት የምታህል ቡናማ ቁራጭ ቀረበች። ለዪው ሠራተኛ በተሰበረው ጫፏ መሐል ላይ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረገባት። ወዲያው አረፋ ደፈቀች። «ኖራ ድንጋይ» ብሎ ጻፈና ወደሚጣለው ሣጥን ጨመራት። ማታ ሣጥኑ ከመደፋቱ በፊት አንዲት ባልደረባው ስብራቱን በ10 እጥፍ ማጉያ ብታየው፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ እየሳሳ የሚሄድ ወንፊት መሳይ መረብ አገኘች። ወደ ድንጋይነት የተለወጠች አጥንት ነበረች።

አሲዱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። መቅኒ የነበረበት ክፍተት ከጊዜ በኋላ በካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ተሞልቷል፤ አረፋ ያወጣው እሱ ነው። ግድግዳው አፓታይት (አጥንትን የሚሠራው ማዕድን) ስለሆነ አረፋ ቢያወጣ እንኳ በጣም ደካማ ነው። የከፋው ግን ይህ አሲድ ያለ አረፋም አፓታይትን መብላቱ ነው። አሲዱ እንዲወጣላት ቁራጯ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተነከረች፤ የአሲድነት መለኪያው የፒ ኤች ወረቀት ገለልተኛ እስኪያሳይ ድረስም ውሃው እየተደፋ ተቀየረ።

ስለዚህ ከስብራቱ መጀመር ይሻላል። ለስላሳ ብሩሽና ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ። ማጉያውን ዓይን ሥር አስጠግቶ ድንጋዩን እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማቅረብ፤ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፣ ከላይ የመጣ ብርሃን ጉድጓዶቹን ያጠፋቸዋል። በመስክ ብዙዎች የሚመኩበት የምላስ ሙከራ በሁለት በኩል ያሳስታል፦ ሸክላማ ድንጋይም ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ቀዳዳዎቹ በማዕድን የተደፈኑ አጥንት ደግሞ አይጣበቅም። በቢላ መጫርም ቢሆን ካልሳይትን (ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 3) ከኳርትዝ (7) ይለያል እንጂ ሕይወት ነበረው ወይ ለሚለው መልስ የለውም፤ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ብዙ ጊዜ ራሱ ኳርትዝ ነው።

ቅርጽ ደግሞ ከሁሉም በላይ አታላይ ነው። «እንቁላል» ተብለው የሚመጡት ድቡልቡል ድንጋዮች አብዛኞቹ ማዕድን በአንድ እምብርት ዙሪያ እየተጠራቀመ ያያዛቸው ደለሎች ናቸው፤ ሲሰበሩ ከውስጡ የተለየ ስስ ቅርፊት አይታይም። በስንጥቅ ገጽ ላይ ፈርን የተባለውን ተክል የመሰለው ጥቁር ሥዕልም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው። ቅጠል የመሐል ጅማትና ሥርዓት ያለው ቅርንጫፍ አለው፤ ይህኛው ከስንጥቁ ጠርዝ ተነሥቶ እንደመጣለት ይበተናል።

ታላላቅ ሊቃውንትም እዚህ ተሳስተዋል። በ1865 የሥነ ምድር ሊቁ ጆን ዊልያም ዶውሰን ከካናዳ የተገኘን ንብርብር ድንጋይ የጥንት ሕያው ነገር ነው ብሎ ኢኦዞን ካናደንሴ አለው። በ1894 ያው ንብርብር የጣሊያኑ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተፋቸው የኖራ ድንጋዮች ውስጥ ታየ፤ የሠራው ሕይወት ሳይሆን ሙቀት ነበር።

አሁን በመለያ ጠረጴዛው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መሥመር «ስብራቱ በማጉያ ታይቷል?» የሚል ነው፤ የአሲዱ ጠርሙስም በሌላ መደርደሪያ ተቀምጧል። ቁራጯ ጫፏ ላይ ትንሽ ተበልታ በመሳቢያ ውስጥ አለች፤ የድሮው ወረቀቷም አብሯት ነው።