ወለሉ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ የሆሎኮስትና የሰብአዊ መብት ሙዚየም ነው። ሆሎኮስት የሚባለው ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁዳውያንን የጨፈጨፈችበት ነው። የትምህርት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎች ሲመጡ አስጎበኛለሁ። መምጣት ለማይችሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጎማ ያለው ትልቅ ጥቁር ሳጥን እንልካለን። ውስጡ የልጆች መጻሕፍት፣ የፎቶ ቅጂዎች፣ ካርታና የመምህሩ መመሪያ አለ። ለጥቂት ሳምንታት ይጠቀሙበትና ይመልሱታል። ሳጥኑን የምታዘጋጀው የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናት።

ነገሩ የሆነው ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የልጁን እናት አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።

የዚያን ቀን 32 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መጡ። መሃላቸው አንድ የሐበሻ ልጅ አየሁና በአማርኛ "እንዴት ነህ?" አልኩት። አፈር ብሎ "ደህና" አለኝ። መግቢያው አካባቢ ስለ ዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት የሚያስረዳ ግድግዳ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1948 ነው። ከዚያ አገሮች አንድ በአንድ ማጽደቅ ነበረባቸው። ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ካለፈ ገና 12 ዓመቱ ነበር። እዚያ ግድግዳ ጋ ስደርስ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጁ ቀና አለ። ጓደኞቹም ዞር ዞር ብለው አዩት። በጣም ደስ አለኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ልጅ ጨለማ ውስጥ አቆምኩት።

ሐሳቡ የእኔው ነበር። በሆሎኮስት ጊዜ ሰዎች ወደ ማጎሪያ ካምፖች ይወሰዱ የነበረው በጭነት ባቡር ነው። አንድ ፉርጎ ውስጥ ከ80 እስከ 100 ሰው ይታጨቅ ነበር። ይህን በቃል ስናገር ተማሪዎች ስልካቸውን ያያሉ። ስለዚህ ማታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ጠባብ አራት ማዕዘን ለጠፍኩ። ጠዋት ሁሉንም እዚያ ውስጥ አስገባኋቸው። "ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ" ብዬ መብራት አጠፋሁ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ፤ አጭር አጭር፣ ፈጠን ያለ። መብራቱን አበራሁ። ልጁ መሃል ላይ ቁጢጥ ብሏል። የሸሚዙን ኮሌታ አፉ ውስጥ ከትቶ ነክሶታል። ዓይኑ ፈጧል፤ ግን እኔን አያየኝም። በስሙ ጠራሁት። ኮሌታውን አልለቀቀም። መምህሩ አቅፎ አወጣው።

ማታ እናቱ ደወለች።

"እህቴ፣ አማርኛ የምትችለው አንቺ ነሽ አሉኝ።"

"አዎ እህቴ፣ እኔ ነኝ።"

አልተቆጣችም። ከሱዳን ወደ ግብፅ ሲሻገሩ ልጁ የአምስት ዓመት ልጅ እንደነበር ነገረችኝ። ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርበው። ጉንፋን ይዞት ያስል ነበር። "ወታደሮች ሲቀርቡ ድምፁ እንዳይሰማ ኮሌታውን አፉ ውስጥ የከተትኩለት እኔ ነኝ" አለችኝ። ትንሽ ዝም አለች። "ልጄ እኮ ያንን ያውቀዋል። ለምን እንደገና?"

የምመልሰው አጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት። እሁድ ቤታቸው ሄጄም ደገምኩት።

በነጋታው ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና "ሌሎቹ 31ዱስ ምን ተማሩ?" አለችኝ። ተማሪዎቹ ሲወጡ አስተያየት የሚጽፉባቸውን ካርዶች አብረን አነበብን። "ጨለማው ያስፈራል።" "በጣም ጠባብ ነበር።" "አሪፍ ነው።" በፉርጎ ስለተጫነ ስለ አንድም ሰው የጻፈ የለም። ስለ ራሳቸው ነው የጻፉት። አንድ ደቂቃ ቆመው ነገሩን የቀመሱት መሰላቸው፤ ከዚያ ምሳ በሉ። ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ የመምህሩን መመሪያ አወጣች። ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ለመምህራን የሚሰጠው ምክር እዚያ ውስጥ አለ፤ ተማሪን እንደ ተጎጂ አስመስሎ ማሠራት አይገባም ይላል። ያንን መመሪያ ስንት ጊዜ አሽጌ ለትምህርት ቤት ልኬዋለሁ።

ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። በምትኩ የገባው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ሐሳብ ነው።

ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ናዚዎች ከፕራግ ሰሜን፣ ቴሬዚን በተባለች ከተማ አይሁዳውያንን ባጎሩበት ጌቶ ውስጥ ልጆችን በድብቅ ሥዕል ታስተምር ነበር። ወረቀት ስለሌለ በተገኘው ቁራጭ ሁሉ ይሥላሉ። ጌቶው ውስጥ ሰው በቁጥር ነበር የሚመዘገበው። እሷ ግን ሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸው ነበር። በኦክቶበር 1944 አውሽቪትዝ ወደተባለው የናዚዎች የግድያ ካምፕ ተወስዳ ተገደለች። ከሣሉት ልጆችም አብዛኞቹ ተገድለዋል። እሷ ግን ከመወሰዷ በፊት 4,500 ገደማ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ደብቃ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዊሊ ግሮግ የሚባል፣ ከሞት የተረፈ የልጆቹ አሳዳጊ ሻንጣዎቹን ፕራግ አደረሳቸው። ዛሬ እዚያው በአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ።

አሁን ለእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ሥዕል ቅጂ እሰጣለሁ። ቢራቢሮ፣ ቤት፣ የተነጠፈ ጠረጴዛ። ጥጉ ላይ ስም አለ። "ስሙን አንብቡና ስለ ሥዕሉ የምታዩትን ጻፉ" እላለሁ፤ ሌላ የምላቸው የለም። መብራቱ አይጠፋም። ስልክ የሚያይ ልጅም ብዙ አልገጠመኝም።

በዓመቱ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያ ልጅ ከእናቱ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። ቁመቱ እኔን አልፏል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ስለ ሻንጣዎቹ ስነግረው አቋረጠኝ።

"ሻንጣው ይከብድ ነበር?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ኃላፊዋ ተነስታ ከማተሚያው ክፍል ወረቀት አመጣች። አንዱ ደስጣ 500 ነው፤ ዘጠኝ ደስጣ ቆጠረች። የዚያን ጊዜው ወረቀት ዓይነቱ ብዙ ስለነበር ልኩ እንደማይሆን ነገረችው። የመጽሐፍ መያዣ ሁለት ሻንጣ አውጥታ አካፈለችው።

ልጁ ሁለቱንም አነሳ። በመደርደሪያዎቹ መሃል እስከ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ። እናቱ ቆማ ታየው ነበር። ሲያስቀምጣቸው ጎንበስ ብሎ ነው ያስቀመጣቸው፤ ኮሽ አላሉም።