ኦብቱዝ ምንድነው አባዬ?

ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣችና "አባዬ ኦብቱዝ ምንድነው?" አለችኝ፣ እኛ ደሞ አንግልን ዘዌ እያልን ነው የተማርነው፣ የአንግል መለኪያው ፕሮትራክተርም እንደለመደው ጠፍቷል፣ ምን ላርግ የግድግዳውን ሰዓት አወረድኩት።

ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ትንሹ ቆጣሪ 9 ላይ ትልቁ 12 ላይ ነው አይደል፣ እሱ 90 ዲግሪ ነው፣ ራይት አንግል፣ አናጢ በስኳድራ የሚያየው ማለት ነው። የፈረንጁ 3 ሰዓትም ያው 90 መሆኑን ስታይ ሳቀች። 5 ሰዓት ላይ 30 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ከ90 ያነሰ ሁሉ አኪውት። 12 ሰዓት ላይ ደሞ ቀጥ ያለ መስመር፣ 180።

ከዛ 3 ተኩልን ስጠይቃት ቶሎ ብላ "90!" አለች። እኔም ልጅ እያለሁ እዚች ጋ ነበር የምሸወደው። ትልቁ ቆጣሪ 6 ጋ ሲደርስ ትንሹም ዝም ብሎ አይቆምም፣ 9ና 10 መሀል ይገባል፣ ስለዚህ 105 ዲግሪ፣ ይኸው ኦብቱዝሽ አልኳት፣ ከ90 በልጦ 180 ያልደረሰ።

ከ180 የሚበልጠው ሪፍሌክስ ላይ ግን እሷ በለጠችኝ፣ "የ3 ሰዓቱ በሌላ በኩል ሲቆጠር 270 ነዋ" ብላ ሰዓቱን ይዛው ሄደች።