ቀይ አፈር ላይ ሲጮህ የዋለው ማሽን

ዛሬ ወርቅ ፍለጋ ሻኪሶ ዋልኩ። የተዋስኩት የብረት መፈለጊያ ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህብኝ ዋለ። ወርቅ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ አፈሩ ነው! ብረት የበዛበት ቀይ አፈር እንደ እኔው ያለውን ቪኤልኤፍ (በጣም ዝቅተኛ ድግግሞሽ ባለው ሞገድ የሚሠራ) ማሽን ግራ ያጋባዋል። ጥቁር ድንጋይ ባገኘ ቁጥር «ዊው!» ይላል። ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት አቅሙን) ስቀንሰው ጸጥ አለ፤ ግን እንዲህ ሲሆን ትንሿን ወርቅም አይሰማትም። 11 ጉድጓድ ቆፍሬ አንድ ሚስማርና ሁለት ቆርኪ አገኘሁ።

አጠገቤ አንድ አባት ጂፒኤክስ 5000 በሚባል ሌላ ዓይነት መፈለጊያ ተረጋግተው ይሠራሉ። «ልጄ፣ ይሄ በፐልስ፣ ማለትም በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው የሚሠራው፤ የአፈሩን ጩኸት ያልፈዋል» አሉኝ። ብቻ ሚስማርን ከወርቅ በደንብ አይለይም፤ ዋጋውም አይቀመስም። እኔ ደግሞ ግቢ ውስጥ የጠፋ ቀለበትም መፈለግ እወዳለሁ። እንግዲህ ለወርቁ ፐልሱን እከራያለሁ፣ ለቀለበቱ ይሄ ጯሂው ይበቃኛል። ወገቤ ግን አለቀ!